አንቀልባና ማኅደር ያስተማሩን የልጆች ቦርሳ

(የዋሽንት ዜማ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በላሊበላ ከተማ፣ በሹምሸሃ፣ በብልባላ፣ በገነተ ማርያም፣ በኩልመስክ፣ በየሸንተረሩና በየአምባው ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ነሐሴ እያለቀ ነው። ጳጉሜን አልፋ መስከረም ስትጠባ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። በየቤቱ ደብተር ስንት ገባ፣ ዩኒፎርሙ ዘንድሮ ይበቃዋል ወይ የሚለው ወሬ ተጀምሯል። እኛም ዛሬ የምናወራው ብዙ ሰው የመጨረሻ ስለሚያደርገው ነገር ነው፤ ስለ ደብተር ቦርሳ። በተለይ ስለ ትንንሾቹ፣ ገና ኦ ክፍልና አንደኛ ክፍል ስለሚገቡት ልጆች ቦርሳ።

(ዜማው ይጠፋል)

በአንድ የበልግ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከአሸተን በኩል ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ከፊቴ ይወርዳል። ሁለት ደብተርና አንድ መጽሐፍ በጥቁር ፌስታል ይዟል። የፌስታሉ ጆሮ ተበጥሷል፤ ስለዚህ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ካፊያ ጀመረ። ድንጋዩ አዳለጠው፤ የሚይዝበት እጅ የለውምና በጉልበቱ ወደቀ።

ተነሣ። ጉልበቱ ደምቷል። ልጁ ግን ጉልበቱን አላየም። መጀመሪያ ፌስታሉን ከፈተና መጽሐፉን አየ። የመጽሐፉ ጠርዝ ከዚያም በፊት ርሶ ስለነበር እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቅልሏል። በእጅጌው ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ አቀፈውና መንገዱን ቀጠለ።

ያንን ልጅ ካየሁ ወዲህ የደብተር ቦርሳን ነገር እንደ ትንሽ ነገር ማየት አልቻልኩም። ለዚህ አገር ልጅ ቦርሳ ማለት ሁለት ነጻ እጅ ማለት ነው። ዳገት የሚወጣበት፣ ወንዝ ሲሻገር ድንጋይ የሚይዝበት፣ የታናሽ እህቱን እጅ የሚመራበት።

(አጭር ዝምታ)

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከገበያ የምትገዙት የልጅ ቦርሳ መጀመሪያ የሚበጠሰው የቱ ጋ ነው?

(ሦስት ሰከንድ ዝምታ)

ማንገቻው ያላችሁ ትክክል ናችሁ። ዚፑ ያላችሁም ትክክል ናችሁ። ማንገቻው ከላይ፣ ከቦርሳው ጋር የተሰፋበት ቦታ ላይ ይለቃል። ዚፑ ደግሞ የእኛ አገር አቧራ ሲገባበት ጥርሱ አልገጥም ይላል። ጨርቁ ደህና ሆኖ ሳለ ቦርሳው ይጣላል ማለት ነው። ሥዕሉ የሚያምር፣ ቀለሙ የሚስብ ቦርሳ ተገዝቶ ገና ገናን ሳይሻገር ሲጣል ያየ ወላጅ ብዙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስንገዛ ያድግበታል ብለን ትልቁን እንመርጣለን። ለልብስ ያስኬድ ይሆናል፤ ለቦርሳ ግን አይሆንም። ትልቅ ቦርሳ ከትንሽ ልጅ ጀርባ ወርዶ ዳሌውን እየደበደበው ይሄዳል። ልጁ እንዳይጎትተው ብሎ ወደ ፊት ይጎብጣል። ባዶ ቦታውም መሙላት ስለማይቀር ድንጋዩም፣ የተገኘው ቆርኪም ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ርካሽ፣ ልጁን የማይጎዳ፣ ቶሎ የማያልቅ ቦርሳ እንዴት ያለ ነው? ሩቅ አትሂዱ። ሁለቱ አስተማሪዎች ቤታችን ውስጥ አሉ። አንዱ አንቀልባ ነው፤ ሌላው ማኅደር።

(አጭር የክራር ምት)

እናቶች፣ አንቀልባን አስቡት። ሕፃን ስታዝሉ ታች ዳሌያችሁ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ? የለም። ከፍ አድርጋችሁ ከጀርባችሁ ታጣብቁታላችሁ። ሰፊው ቆዳ ከሥሩ ይደግፈዋል፤ ማሰሪያው በደረታችሁ ላይ ይታሰራል። ለምን እንዲህ ሆነ? ሸክም ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚጎትት ነው። ሸክሙ ሲጠጋ ግን የራስ ገላ ያህል ይሆናል። ቀጭን ገመድ ትከሻ ይቆርጣል፤ ሰፊ ማንገቻ ክብደቱን ያከፋፍላል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት በትከሻቸው ነው።

ወደ ማኅደር እንምጣ። ዲያቆኑ ወይም መርጌታው ዳዊቱን ትከሻው ላይ አንግቶ ሲሄድ አይታችኋል። ማኅደሩ ከጠንካራ ቆዳ የተሠራ ነው፤ ክዳን አለው፤ ማንገቻ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመጽሐፉ ልክ የተሰፋ ነው። መጽሐፉ ተለክቶ ማኅደሩ ይሰፋል እንጂ ማኅደር ተገዝቶ መጽሐፍ አይፈለግለትም። መጽሐፉ ውስጡ ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ጠርዙ አይታጠፍም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ የደረሱት እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ጭምር ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አሸካከሙን ከአንቀልባ፣ አጠባበቁን ከማኅደር። ደግሜ ልበለው፤ አሸካከሙን ከአንቀልባ፣ አጠባበቁን ከማኅደር እንወስዳለን።

(አጭር ዝምታ)

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ምን እንለካ? ጨርቁን? አይደለም። ልጁን ነው የምንለካው።

ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ክር ያዙ። ከአንገቱ ሥር ጎላ ብሎ የሚዳሰስ አጥንት አለ፤ ከዚያ ጀምራችሁ እስከ ወገቡ ድረስ ክሩን ዘርጉና ቋጠሮ አድርጉበት። ያ ቋጠሮ የቦርሳው ቁመት ወሰን ነው። ከዚያ አይለፍ። ከዚያ ክሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ዘርጉ። ያ የቦርሳው ስፋት ወሰን ነው። ቀጥሎ ትልቁን መጽሐፉን አምጡና በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል መግባቱን እዩ። መጽሐፉ ከገባ ሌላ ቦታ አያስፈልግም። የቦርሳው ጎን አራት ጣት ያህል ቢሰፋ ደብተሮቹ፣ እርሳሱና የምሳ ቂጣው ይገባሉ።

ክብደቱስ? ቦርሳው ከነዕቃው ከልጁ ክብደት ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ የሚለው መለኪያ በብዙ አገር የሚታወቅ ነው። ህንድ በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ፖሊሲ ይህንኑ መጠን አስቀምጣለች፤ ለቅድመ አንደኛ ሕፃናት ጭራሽ ቦርሳ አያስፈልግም ብላለች። ልጃችሁ 20 ኪሎ ከሆነ ከ2 ኪሎ በላይ አይሸከም ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ስኳር አስቡት። ግማሽ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ዕቃ ስትጨምሩለት ከዚያ ላይ ግማሽ ኪሎው ሄደ። የዕለቱን ደብተር ብቻ ማስያዝ እንግዲህ ምንም ብር የማይጠይቅ ጥበብ ነው። ቦርሳው ራሱም ባዶውን ቀላል መሆን አለበት።

(የክራር ምት)

ከምን እንሥራው? ሁላችሁም ማዳበሪያ የምትሉት ከረጢት አለ። የስኳር፣ የዱቄት ወይም የሩዝ ከረጢት ካገኛችሁ እሱ ይቀድማል። ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሁለት የልጅ ቦርሳ ይወጣል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነካውን፣ በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር የመጣበትን ከረጢት ግን አደራ፣ ታጥቦም ቢሆን ለልጅ ዕቃ እንዳታደርጉት። የዩሪያ ከረጢት ከሆነ ገልብጣችሁ በሳሙና ዘፍዝፉት፤ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፤ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

ጥላ ውስጥ ለምን አልኩ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና።

ደጅ ሲሰጣ የከረመ ከረጢት በእጃችሁ ስትነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርፍር ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚበላው ፀሐይ ነው። ከረጢቱ የተሸመነበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ የፀሐይዋን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ያሉት መንደሮች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ደጅ የተሰጣ ከረጢት እኛ ጋ ከቆላው ይልቅ ለበረታ ጨረር ይጋለጣል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ይህን ሳላውቅ ለእህቴ ልጅ አንድ ቦርሳ ሰፋሁ። ከረጢቱን ወደ ውጭ አድርጌ፣ በሲባጎ ማንገቻ። ሲባጎው በሦስተኛው ሳምንት ከላይ ለቀቀ። ቀጥዬ ብሰጣትም በበጋው መጨረሻ ጨርቁ ራሱ በጣቴ ሲነካ ይቀደድ ጀመር። ልጅቷ ምንም አላለችኝም፤ እኔ ግን ትከሻዋ ላይ ሲባጎው ያወጣውን ቀይ ሰንበር አልረሳውም።

መላው ቀላል ነው። ከረጢቱ ከውስጥ፣ ጨርቁ ከውጭ። ያረጀ ጂንስ፣ ያለቀ የካኪ ሱሪ፣ የታላቅ ወንድሙ ዩኒፎርም ይሆናል። ጨርቁ ከረጢቱን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ከረጢቱ ለጨርቁ ጉልበት ይሆነዋል። ለዝናቡ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ በሁለቱ መካከል አስገቡ። ግን ላስቲኩ ዙሪያውን በስፌት ይያዝ። ልቅ ላስቲክ ሕፃን ፊቱ ላይ ሊያደርገው ይችላልና። ደግሜ ልበል፤ ከረጢቱ ከውስጥ፣ ጨርቁ ከውጭ፣ ላስቲኩ በመካከል በስፌት ተይዞ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ፣ በምዋንዛ አካባቢ፣ ሶማ ባግስ የሚባል ድርጅት የተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት ሰብስቦ የተማሪ ቦርሳ ያደርገዋል። ሶማ በስዋሂሊ አንብብ ማለት ነው። ቦርሳው ላይ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ይለጥፉበታል፤ ልጁ በእግሩ ሲመላለስ ይሞላና ማታ የማጥኛ መብራት ይሆናል። በደቡብ አፍሪካም ሁለት ወጣት ሴቶች ከተጣለ ፕላስቲክ ተመሳሳይ ቦርሳ ሠርተዋል። በአገራችንም የመርካቶውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው የተጣለ ዕቃ በኢትዮጵያዊ እጅ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የአሮጌ ጎማ ጫማን ለዓለም ገበያ ያቀረበ ነው። ከረጢት ይዞ መነሣት የድህነት ምልክት ተደርጎ እንዳይታይብን እለምናለሁ።

(አጭር ዝምታ)

አሁን ስፌቱ። ጆሯችሁን ስጡኝ፤ መርፌና ክር ያላችሁ ደግሞ አቅርቡ።

ጨርቁንና ከረጢቱን እንደ አንድ ረጅም መቀነት ቁረጡት። ለምን ረጅም? የፊቱ፣ የታቹ፣ የጀርባውና የክዳኑ ክፍል ሳይቆራረጥ ከአንድ ቁራጭ እንዲወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን የቦርሳው መቀመጫ ላይ ስፌት አይኖርም። ስፌት ከሌለ የሚተረተር የለም። ለቅልብሱ ዙሪያውን ሁለት ጣት ጨምሩ። ከረጢት ጠርዙ ሲቆረጥ ይፈታል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉት። ጎንና ጎኑን በሁለት ቁራጭ ዝጉት።

ማንገቻው ላይ ግን አትቸኩሉ። እዚህ ላይ የምታጠፉት ጊዜ ሁሉ ይከፈላችኋል።

በቅዳሜ ገበያ የሚሰፉ አንድ አባት ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ሁለት የተለያየ ማንገቻ አልሠሩም። ሦስት ጣት ስፋት ያለው አንድ ረጅም ጥብጣብ ሰፉ፤ ውስጡ የታጠፈ ከረጢት፣ ላዩ ጨርቅ። ጥብጣቡን በቦርሳው መቀመጫ ሥር አሳለፉት፤ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ላይ አመጧቸው። ልክ አንቀልባው ሕፃኑን ከሥር እንደሚይዘው። አያችሁት? ክብደቱ ስፌቱ ላይ አይንጠለጠልም፤ ጥብጣቡ ላይ ይቀመጣል። ስፌቱ የሚያገለግለው ጥብጣቡ ከቦታው እንዳይንሸራተት ብቻ ነው።

ከላይ ደግሞ ጫፎቹን ጠርዙ ላይ አልሰፏቸውም። በጀርባው በኩል ወደ ውስጥ አንድ መዳፍ ያህል አወረዷቸው፤ አራት ማዕዘን አድርገው ሰፉ፤ በማዕዘኖቹ መካከል መስቀል አገቡበት። ከዚያ ቦርሳውን ሰጡኝና በሁለት እጄ እንድስበው ነገሩኝ። በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት። ክሩ ጭጭ አለ።

ልጁ ሲያድግ ማንገቻው እንዲረዝም በጎንና በጎን ትርፍ አጥፋችሁ ስፉበት፤ በየዓመቱ አንድ እጥፋት ትፈታላችሁ። የሚሮጥ ልጅ ከሆነ፣ የማይሮጥ ልጅ የት አለና፣ ሁለቱን ማንገቻዎች ደረቱ ላይ የሚያገናኝ ቀጭን ማሰሪያ ጨምሩለት።

ዚፑስ? ዚፕ ተዉት። ክዳኑ ከላይ ወርዶ የፊቱን ግማሽ ይሸፍን፤ ዝናቡ እንደ ሣር ክዳን ቤት ወደ ውጭ ይወርዳል። መዝጊያው አንድ ቀለበት ክርና አንድ የእንጨት ቁልፍ ይሁን። የስድስት ዓመት ልጅ ውርጭ ባደነዘዘው ጣቱ ብቻውን መክፈትና መዝጋት መቻል አለበት። እስቲ ስፉና ለልጁ ስጡት፤ ሳታግዙት ይክፈተው። ካቃተው ቁልፉን አተልቁለት።

(የክራር ምት፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ የምሰፋበት ጊዜ ከየት አመጣለሁ ትሉ ይሆናል። አብሽሩ። የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ልኩን፣ ከረጢቱንና አሮጌውን ጨርቅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የምትከፍሉት የእጁንና የክሩን ብቻ ነው። አሥር እናቶች ቡና ላይ ተስማምተው አሥር ከረጢት አጥበው ቢሄዱ ደግሞ ሰፊው አንዴ ቆርጦ ይጨርሰዋል። እዚህ አካባቢ በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተጎድቷል፤ ብዙ ቤትም ብዙ አጥቷል። ርዳታ ሆኖ የመጣ ቦርሳ ያገኘ ልጅ አለ፤ ያላገኘም አለ። ላላገኘው ጎረቤቱ ቢሰፋለት ከሁሉ ይፈጥናል።

ዕድሜውስ? ጃፓኖች ራንዶሴሩ የሚሉት የተማሪ ቦርሳ አላቸው። ከ1885 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ፣ ጋኩሹይን በሚባል ትምህርት ቤት የተለመደ ነው። በጣም ውድ ነው፤ እኛን አይመለከትም። ግን አንድ ነገሩን ወድጄዋለሁ። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የያዘው ቦርሳ ስድስት ዓመት እንዲያገለግል ሆኖ ይሠራል። የኛም በየክረምቱ አንዴ ቢጠገን፣ ክሩ የሳሳበት ቢደገም፣ ለታናሹ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀሩኝ። አንዱ ምልክት ነው። ገና ፊደል ያልለየ ልጅ በአርባ ቦርሳ መካከል የራሱን እንዴት ያውቃል? ክዳኑ ላይ በደማቅ ክር አንድ ነገር ጥለፉለት፤ ዶሮ፣ አበባ፣ ወይም የስሙን የመጀመሪያ ፊደል። ፊደሉ ከሆነ ደግሞ መስከረም ሳይጠባ አንዷን ፊደል አወቀ ማለት ነው። ሙሉ ስሙን ከውስጥ ጻፉት።

ሌላው ማደሪያው ነው። ማታ ቦርሳው የት ያድራል? መሬት ላይ ከተጣለ እርጥበት ይስበዋል፤ ውስጡ የቀረችውን የዳቦ ፍርፋሪ ፈልጋ የመጣች አይጥ ደግሞ ከረጢትም ጨርቅም አትመርጥም። ማኅደር በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ለልጁም አንድ የእንጨት ችካል ግድግዳው ላይ ትከሉለት፤ ራሱ የሚደርስበት ቁመት ላይ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱ ይሰቅለዋል፤ ጠዋት ራሱ ያወርደዋል።

ችካሉን ዛሬ ማታ ልትተክሉ ትችላላችሁ። ክሩንም ይዛችሁ የልጁን ጀርባ ለኩ፤ ቋጠሮውን አትጥሉት። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አንድ ልብስ ሰፊ ስቱዲዮ ድረስ እንጋብዛለን፤ ጨርቁን ከመቁረጥ ጀምሮ የጎኑን ስፌት እየሰፉ ያስረዱናል። ክራችሁን ይዛችሁ ጠብቁን። ደህና እደሩ።

(የዋሽንቱ ዜማ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)